ሰባተኛው መስታወት

ሰብለወንጌል የባሏን ሥዕሎች ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ስትነሳ ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ መስሏት ነበር። አሥራ ሁለት ሥዕል፣ ሃያ አራት ቀዳዳ፣ ትራፓኖ ያላት አንዲት ጎረቤት። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ሰኞ ጠዋት ጀምራ ለምሳ የምትደርስ ነበር የመሰላት። ሐሙስ ሲደርስ ግን ግድግዳው መሃሉ ባዶ፣ ወለሉ የጋዜጣ ቁራጭ፣ እሷም ከሰኞዋ ሴት ይልቅ ግራ የገባት ሴት ሆና ተገኘች።

ቅዳሜ የሚደቅሳ ሙት ዓመት ነው። ዘመድ ድንኳን ይተከል፣ በሬ ይጣል ሲል እሷ «ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ እቤት ቁርስ፤ በቃ» ብላ ቆረጠች። ሐዘኗን እንደ ቤት ቁልፍ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ይዛ የምትዞር እንጂ አውጥታ ለሰው የምታሳይ ሴት አልነበረችም። በምትኩ አንድ ነገር አሰበች፤ ለማንም አልተናገረችም። ሰውዬው በሕይወት ሳለ የከለከለችውን አሁን ልታደርግለት።

ሚደቅሳ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ አስተምሯል። ልቡ የነበረው ግን ፍሊፐር ቤት ነው። የዛሬ ልጅ ጌም ሲባል ስልኩን ያወጣል እንጂ፣ ድሮ ሜክሲኮና ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ስሙኒ ሲጎርስ የብረት ኳስ የሚተፋ፣ መብራቱ የሚንቀለቀል፣ ደወሉ የሚያቃጭል ማሽን የደረደሩ ቤቶች ነበሩ። በማሽኑ ግንባር ላይ ከጀርባው አምፖል የሚበራበት ባለ ሥዕል መስታወት ይቆማል፤ ዘንዶ የሚወጋ ጀግና፣ ጨረቃ ላይ የምትደንስ ሴት፣ ራሱን አንበሳ አፍ ውስጥ የከተተ የሰርከስ ሰው። ጊዜው አለፈና ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ባለቤቶቹ ብረቱን ለቆራሌው፣ እንጨቱን ለማገዶ ሲሰጡ ሚደቅሳ ቆራሌውን ቀድሞ እየደረሰ «ሞተሩንም ኳሱንም ውሰዱት፤ እኔ ፊቱን ብቻ ነው የምፈልገው» ይል ነበር። ፊት ነበር የሚላቸው።

ሰብለወንጌል በዕድሜዋ ፍሊፐር ቤት የገባችው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ዝናብ አስገድዷት። ከዚያ በኋላ የነገሩ ጣዕም ገብቷት አያውቅም።

ፊቶቹን ሚደቅሳ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በተከራየው አንድ ክፍል ነበር የሚያኖራቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየሙ ደርሷቸው የገቡ ሰሞን አንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞት መጣ። እሷ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «ሚደቅሳ፣ ይሄ ቤት ነው እንጂ ጌም ቤት አይደለም» አለችው። በቁጣ አልነበረም። እሱም አልተከራከረም፤ ፈገግ ብሎ መስታወቱን እንዳቀፈ ደረጃውን ተመልሶ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ሰው ሲያጽናናት፣ ሻይ ስታፈላ፣ በዚያው ደረጃ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ጆሮዋ ላይ ተጣብቃ ቀረች።

በጥቅምት መጨረሻ ጠመንጃ ያዥ ያለው ግቢ ሊፈርስ ስለሆነ ክፍሉን ልቀቂ ተባለች። ያን ቀን ነው በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችው። ውስጡ እንደጠበቀችው አልተዝረከረከም። መስታወቶቹ በጋዜጣና በጨርቅ ተጠቅልለው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ በፕላስተር ቁራጭ የግዕዝ ቁጥር ተለጥፏል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ሽፋኑ የደበዘዘ ደብተር አለ። ሁሉንም በአንድ ዳማስ መኪና አስጭና አመጣች።

ሃያ ሰባት ዓመት የመሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ያደራጀች ናትና ደብተሩን ስትከፍት እንደ ሙያ ባልደረባ አደነቀችው። ለያንዳንዱ መስታወት አንድ ገጽ፤ ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ በየትኛው ቀን፣ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የቱ ጋ እንደተላጠ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተሠራ ንድፍ አለ። መስኮቱን አየችው፣ የመብራት ማብሪያውን አየችው፣ ከዚያ ገባት። የራሷ ሳሎን ነው። ሰውዬው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቤቱን በሜትር ለክቶ ለአሥራ ሁለቱም ቦታ ሰጥቷቸዋል።

የቸገራት ሰባተኛው ነው። ከ፩ እስከ ፲፪ ስትቆጥር ከተጠቀለሉት ውስጥ ፯ የለም። ወደ ሰባተኛው ገጽ ሄደች። ሌላው ገጽ ሙሉ ሆኖ ሳለ እዚያ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ተሰጠ።» ለማን እንደተሰጠ የለም፤ ቀንም የለም። ሰውዬው የአምፖል ለውጥ ሳይቀር ቀን የሚጽፍ ሰው ነበር።

ተሰጠ ያለው መስታወት ደግሞ ንድፉ ላይ አለ። እዚያው መሃል ላይ።

ሰኞ ዕለት ትራፓኖዋን ይዛ የመጣችው ሀያት ነበረች፤ በዚያው ፎቅ ላይ፣ ሁለት በር አልፎ የምትኖር መጋረጃ ሰፊ። ሰፍታ ብቻ አትተውም፤ ሄዳም ትሰቅላለች። ውሃ ልኳን ወገቧ ላይ ሽጣ፣ መሰላሏን ግድግዳው ሥር ልትተክል ፈልጋ ሳሎኑ መሃል ያለችውን ዝቅ ያለች ጠረጴዛ በእግሯ ገፋ አደረገቻት። ጠረጴዛዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ይቺ ምን በልታ ነው?»

«ተያት፣ ከባድ ናት። መሰላሉን በጎን አቁሚው» አለች ሰብለወንጌል፤ ደብተሩንም ጠረጴዛዋ ላይ፣ ዳንቴሉ ላይ ዘርግታ ቁጥር ታነብላት ጀመር። ስድስቱ በግራ፣ አምስቱ በቀኝ እስከ ከሰዓት ድረስ እየተነበቡ፣ እየተለኩ፣ እየተሰቀሉ ሄዱ። መሃል ላይ ሲደረስ ሀያት ሜትሩን ዘረጋች።

«ስንት ነው ያሉኝ?»

«አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር።»

«ከጣሪያው?»

«ከወለሉ ነው የሚለው።»

ሀያት ለካች። ሜትሩ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። «እትዬ ሰብለ፣ መጋረጃ መስቀል ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው። በጉልበት ልክ ሥዕል የሰቀለ ሰው ግን አላየሁም። ለድመት ነው?»

«ድመት የለንም።»

«እንግዲያው ጋሼ ሊያመጡ አስበው ነበር።»

ሰብለወንጌል ሳቅ ብላ ንድፉን አገላበጠችው። ቁጥሩ አርባ አምስት ነው፤ አንድ መቶ አርባ አምስት አይደለም። ሚደቅሳ ደግሞ ቁጥር የሚሳሳት ሰው አልነበረም።

«ለማንኛውም መስታወቱም የለም» አለች።

«የት ሄደ?»

«ተሰጠ ነው የሚለው።»

«ለማን?»

ሰብለወንጌል ደብተሩን አጠፈችው። ሀያት የትራፓኖውን ገመድ እየጠቀለለች «እንግዲህ ያልያዙትን አይሰቅሉም» ብላ ሄደች። ሰብለወንጌል ብቻዋን ቁጭ ብላ አሥራ አንዱን ፊት ስታያቸው ሁሉም መሃል ላይ ያለውን ባዶ የሚያዩ መሰላት። ተሰጠ። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ገብታ ግን እንደ እርሾ ኩፍ ማለት ጀመረች።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረደች። የሚደቅሳን መስታወቶች ይጠግኑ የነበሩ ዓብዱልሰላም የሚባሉ ሽማግሌ መስታወት ቆራጭ ነበሩ፤ ቀድሞ ጠመንጃ ያዥ፣ ከዚያች ክፍል አጠገብ ነበር ሱቃቸው፤ ግቢው ሊፈርስ ሲል እዚህ መጥተዋል። ሰብለወንጌል በስም እንጂ በመልክ አታውቃቸውም። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ግድግዳ መስታወት ተደግፏል፤ ሰው ሲገባ ራሱን ሰባት ስምንት ቦታ ያያል። ማንነቷን ነገረቻቸው።

«የኢንጂነር ሚደቅሳ ባለቤት ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ። እዚያ ጋ አይደገፉ፣ ይቆርጣል።» በርጩማ አቧራ አራግፈው ሰጧት። «ነፍስ ይማር። እንዲህ ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም። ሰው መስታወት ሲሰበርበት ነው እኔ ጋ የሚመጣ። እሱ እንዳይሰበርበት ነበር የሚመጣ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጠፋብኝ።»

«የትኛው?»

«ሰባተኛው።»

«በቁጥር የሚጠራቸው እሱ ነው፤ እኔ በመልካቸው ነው የማውቃቸው። እስቲ ያሉትን ይንገሩኝ።»

እሷ ትቆጥራለች፤ ሽማግሌው ጣታቸውን ያጥፋሉ። ዘንዶው፣ ጨረቃዋ፣ የአንበሳው፣ ቀይ መኪናው፣ ባሕር ጠላቂው። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባለ ጃንጥላዋ የለችም። ገመድ ላይ የምትሄደዋ። እሷን እንኳ አይድከሙ፣ አያገኟትም። እሷ ተሰጥታለች።»

«ለማን?»

ዓብዱልሰላም ትዝታው መጣላቸውና ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ጠርዟን ሦስት ጊዜ ነው ያስሞረደኝ። እኔ አንዴ ሞርጄ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ጣቱን በጠርዙ ላይ ያስኬድና 'ገና ነው' ይለኛል። አራቱንም ማዕዘን ክብ አድርግልኝ አለኝ። 'ሰው የሥዕል ማዕዘን ያከባል እንዴ?' ብለው 'እጇን እንዳይቆርጣት' አለኝ። 'የማንን እጅ?' አልኩት። 'የአንዲት ልጅ' ብሎ አቀረቀረላችሁ፤ ይሄ የሚያህል ሰውዬ።»

እየሳቁ ቀና ሲሉ ፊቷን አዩት። ሳቃቸው መንገድ ላይ ቀረ። አጠገባቸው ካለ ሣጥን ላይ ጨርቅ አንስተው ንጹሕ የነበረ መስታወት ይወለውሉ ጀመር።

«መቼ ነው ይሄ?» አለች ሰብለወንጌል። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

«እኔ ምን አውቃለሁ። እርጅና ነው። ከሌላ ደንበኛ ጋር ተምታቶብኝም ይሆናል።»

«ስሟን ነግሮዎት ነበር?»

«ሻይ ይምጣልዎት?»

«አመሰግናለሁ፣ ጠጥቼ ነው የወጣሁት።»

«ቢጠጡ ጥሩ ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልተናገሩም። የሞተ ወዳጃቸውን ገበና እየሸፈኑ እንደሆነ ከሁኔታቸው ያስታውቃል። ሰው ዝም ብሎ ሲሸፍን ደግሞ ከተናገረው የበለጠ ይናገራል።

ታክሲ ማግኘት ትችል ነበር፤ በእግሯ ሄደች። በባቡሩ ድልድይ ሥር ስታልፍ የትዳሯን ዓመታት አንድ በአንድ እየገለጠች ቀዳዳ ፈለገችበት። ሰውዬው አምሽቶ አያውቅም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚጥለው። ደመወዙን ያሳያታል። አንድ ክፍል ብቻ ነበረው እሷ የማታውቀው፤ እሱንም አላውቀውም ያለችው እሷው ናት። የማንን እጅ ነው እንዲህ የፈራላት? ሰብለወንጌል የራሷን እጅ አየችው። መቆጣትም ማልቀስም እኩል ሩቅ ሆነባት። ሰው በሞተ ባሉ ላይ እንዴት ይቀናል? ማንን ይጠይቃል? ማንስ ነው ይቅርታ የሚላት?

ረቡዕ የሚደቅሳ ታላቅ እህት፣ ታየች የምትባለው፣ ከአምቦ መጣች። ስትገባ መጀመሪያ ለሟች ወንድሟ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቤቱን ትፈትሻለች። የዛሬው ለቅሶዋ ግድግዳውን ስታይ በአጭሩ ተቆረጠ።

«ሰብልዬ፣ ይሄ ቀንዳም ምንድን ነው?»

«ዘንዶ ነው፣ እትዬ።»

«ዘንዶ ቀንድ አለው እንዴ?»

«የእነሱ አለው።»

«እና ቅዳሜ ቄሱ እዚህ ሥር ነው ጸሎት የሚያደርሱት?»

«ጀግናው እየወጋው ነው እኮ። ይመልከቱ፣ ጦሩ።»

ታየች ጠጋ ብላ አየች። «እሱስ ነው። ለነገሩ ጊዮርጊስም ይኸው አይደል» አለችና ወደ ጨረቃዋ ዞረች። «ይቺስ? ልብሷ የት ሄደ?»

«ጨረቃ ላይ ሙቀት ይሆናል።»

ታየች ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ያችን ሳቅ ስታያት ነው ሰብለወንጌል ያላሰበችውን የተናገረችው። «እትዬ፣ ሚደቅሳ ሰው ነበረው?»

«የምን ሰው?»

«ሴት።»

ታየች ቀስ ብላ ተቀመጠች። «በሙት ዓመቱ ሳምንት? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«ጠየቅሁ እንጂ ምን አልኩ?»

«ወንድሜ ዝምተኛ ነው። በልጅነቱም እናታችን ብትገርፈው ለምን እንደተገረፈ አይጠይቅም ነበር። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለውን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ክፉ አላየሁበትም።» ልትከላከልለት ነበር፤ ስትጨርሰው ግን ሌላ ሆኖ ወጣ። ራሷም አወቀችውና «ለማንኛውም እነዚህን በዓይንሽ መብላት ትተሽ አንድ ነገር ቅመሺ፤ ከስተሻል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ጊዜ ነው ሰብለወንጌል ከመስታወቶቹ ላይ ዓይኗን መንቀል እንዳቃታት የገባት።

ሐሙስ ጠዋት ቆረጠች። ሀያትን ጠርታ «ሰባተኛውን ተዪው» አለቻት። «አሥራ ሁለተኛውን ከቀኝ አንሺና መሃል ላይ፣ በዓይን ልክ ስቀዪው። ማንም ባዶ እንዳያይ።»

«ንድፉስ?»

«ንድፉን ተዪው አልኩሽ።»

ሀያት ፊቷን አየት አድርጋ ቀልዷን ዋጠች። አሥራ ሁለተኛው ብቻ መስታወት ሳይሆን የትልቅ ማሽን የጎን ሳንቃ ነው፤ ሮኬት የተሳለበት ረጅም ጣውላ። እሱን መሃል ላይ ለመስቀል መሰላሉ መሃል መቆም አለበት፤ መሃል ላይ ደግሞ ጠረጴዛዋ አለች።

«ዛሬ እንኳ ትነሳለች እንጂ አትተውም» አለች ሀያት። «እትዬ ታየች፣ ኑ እስቲ ይቺን ለማንሳት አግዙን። በዚያ በኩል ይያዙልን።»

«ጠረጴዛ ነው ድንጋይ?» አለች ታየች ልክ እንዳነሳች።

ሦስቱ ሴቶች በየጥጉ ይዘው እያቃሰቱ ወደ መስኮቱ ሲያዞሯት የሰብለወንጌል ጣቶች ጠርዙ ሥር ገቡ። ጠረጴዛዋ ላይ ዳንቴል አለ። ከዳንቴሉ ሥር የአበባ ሥዕል ያለበት ወፍራም ፕላስቲክ አለ፤ ዙሪያውን በትንንሽ ሚስማር እንጨቱ ላይ ተመትቷል። ፕላስቲኩ አርጅቶ አንድ ጥግ ላይ ተቀዷል። በቀዳዳው የገባው ጣቷ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ማዕዘኑ ክብ ነበር።

አልጮኸችም። «አስቀምጡት» አለች። ከዚያ ደግማ «ሀያት፣ ሜትሩን አምጪልኝ» አለች።

ከወለሉ እስከ ጠረጴዛዋ ፊት ለካች። አርባ አምስት።

ሀያት ሜትሩን፣ ከዚያ ንድፉን፣ ከዚያ ጠረጴዛዋን አየች። ንድፉ ላይ ፯ የተጻፈበት አራት ማዕዘን ግድግዳው ላይ አልነበረም ለካ፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ነበር። ሚደቅሳ ሳሎኑን የሳለው በሩ ላይ ቆሞ እንደሚያየው ነው፤ ጠረጴዛዋን ጭምር። «ጋሼ» አለች ሀያት በዝግታ፣ «ድመት አልነበረም ሐሳብዎ።»

ታየች ምንም አልገባትም። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» ትላለች።

ሰብለወንጌል ግን እየተገለጠላት ነበር፤ ቶሎ አልነበረም፣ ቀስ እያለ፣ እያመማት። ጠረጴዛዋ የመጣችው በ1996 ነው፤ ሰርጋቸው ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና የኪራይ ቤት ሳሉ። ሚደቅሳ በሁለት ሰው አሸክሞ አስገባና «ጠረጴዛ አመጣሁልሽ» አላት። ፊቷ ላይ ባለ ሥዕል መስታወት ነበራት። ሰብለወንጌል ያኔ ሰውዬው ፊት እንደሚሰበስብ አታውቅም፤ መርካቶ የሚሸጥ ዕቃ መሰላት። ከሥዕሉ የቀራት ትዝታ ሁለት ራቁት ጭን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት እናቷ ሊጠይቋት ከደብረ ብርሃን ይመጡ ነበርና፣ እናቷ እንዲህ ያለች ሴት ላይ ዳቦ ሊቆርሱ ነው ብላ ደነገጠች። አናጺ ጠራች። አናጺው የአበባውን ፕላስቲክ ወጠረ፣ ሚስማሩን ዙሪያውን መታ። እሷ ደግሞ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ዳንቴል ያልለበሰ ምን ነበር በዚያ ቤት? ሬዲዮኑም፣ ፍሪጁም፣ የሶፋው መደገፊያም ለብሷል።

ሚደቅሳ ማታ ከሥራ መጣ፤ ቆሞ አየው። «አበባው ያምራል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እናቷ መጡ፣ ሰንብተው ሄዱ። ፕላስቲኩ ግን ሃያ አንድ ዓመት ቆየ። ረስታው አልነበረም፤ ከነገር ቆጥራው አታውቅም እንጂ። ዳንቴሉን በየወሩ ታጥበዋለች፣ ፕላስቲኩን በየቀኑ ትወለውለዋለች፤ ከሥሩ ያለውን ግን ጠረጴዛ ብላ ቆጥራው ኖረች።

አንዲት ልጅ። ያኔ ሰብለወንጌል ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።

«ሚስማር መንቀያ አለሽ?» አለች ሀያትን።

ራስ ራሳቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ነቀሏቸው፤ ዝገው ነበር። ታየች ነገሩ ገና ባይገባትም ሚስማሮቹን በመዳፏ እየተቀበለች በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ታኖራለች። ፕላስቲኩ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል፤ ሀያት ሳብ ስታደርገው ሰብለወንጌል እጇን ያዘቻት።

«ቀለሙ ይነቀላል።»

«ቀለሙ የት ነው?»

ሰብለወንጌል አሰበችና እጇን ለቀቀችው። ሚደቅሳ አንድ ጊዜ፣ በመንገድ ላይ ሲሄዱ ነግሯታል፤ እንዲህ ያለው ሥዕል የሚቀባው ከመስታወቱ ጀርባ ነው። ሠዓሊው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ የዓይኗን ብሌን፣ ከዚያ ፊቷን፣ መጨረሻ ላይ ሰማዩን። ስለዚህ ከፊቱ ምንም ቢደረግበት አይጎዳም። እሷ ያኔ «እህ» ብላ ሌላ ወሬ አንስታ ነበር። ሰውዬው የነገራት ስለ ሌላ መስታወት መስሏት።

ፕላስቲኩ ተላጠ። ሀያት በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠረገችው።

ሴትዮዋ ገመድ ላይ ናት። በአንድ እጇ ቀይ ጃንጥላ ይዛለች፤ ሌላኛው እጇ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ከሥሯ ከተማ አለ፤ ጣሪያ በጣሪያ ላይ፤ ከላይዋ ከዋክብት እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። ጭኗ እንደተባለው ራቁት ነው፤ የሰብለወንጌል እናት ቢያዩት ይደነግጡ ነበር፣ እውነት። ፊቷ ግን ወደ ታች አያይም። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እየሳቀች ይሁን እየፈራች አይለይም።

«አሁንስ ይቺ ማን ናት?» አለች ታየች።

«እኔም አላውቃትም» አለች ሰብለወንጌል።

ከዝናቡ ቀን ጋር ልታገናኘው ሞከረች። በ1989 ክረምት ይመስላታል፣ ሜክሲኮ፤ ያኔ ከሚደቅሳ ጋር ስም እንጂ ሌላ አልተለዋወጡም። ዶፍ ያዛቸውና አንድ ፍሊፐር ቤት ገቡ። እሱ ስሙኒ ሰጣት። ኳሱ ወጣ፣ ዞረ፣ አንዱንም ደወል ሳይነካ ቀጥ ብሎ በመሃል ወርዶ ጠፋ። እሷ ሳቀች፤ ማሽኑን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። የሳቀችው ትዝ ይላታል። የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ትዝ ይላታል። የማሽኑ ፊት ላይ ምን እንደነበር ግን፣ ዓይኗን ጨፍና ብትፈልግ፣ አንዴ ጃንጥላ ይመጣላታል፣ አንዴ ምንም አይመጣላትም። ጃንጥላውም ከዝናቡ የመጣ ይሁን ከመስታወቱ አታውቅም። ሰባተኛው ገጽ ላይ የመጣበት ቤት ቢጻፍ ኖሮ ታውቅ ነበር። አልተጻፈም። የቱም ጋ አልተጻፈም። ለሰጠው ነገር መዝገብ አልያዘም ነበር።

«ታዲያ ይሄንን ሮኬት መሃል ልስቀለው ወይስ?» አለች ሀያት።

«ባለበት ይቆይ። ጠረጴዛዋን ወደ ቦታዋ እንመልሳት።»

ከሰዓት ተክለ ሃይማኖት ደወለች። «አቶ ዓብዱልሰላም፣ ባለ ጃንጥላዋን አገኘኋት» አለች።

ሽማግሌው የያዙትን መስታወት ሲያስቀምጡ ተሰማ። «እንዴት... ከማን ዘንድ?»

«ከኔ ዘንድ ናት።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልበላሁም፣ ልጄ» አሉ። «ምላሴን በመስታወት መቁረጫ ልቆርጠው ነበር።» ቀጥለው «ጠርዙ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ደህና ነው። አይቆርጥም።»

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰው ሳሎኑን ሞላው። ቄሱ በዘንዶው ሥር ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩት፣ ምንም አላሉም። የኮሌጁ መምህራን ግድግዳውን እየዞሩ የጨዋታ ቤቶቹን ስም በቃል ይጠሩ ነበር፤ አንዱ የአንበሳውን ሲያይ «ስንት ስሙኒዬን በልቷል» ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰው ሁሉ ግን ሻይና ዳቦ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ይመጣና ይቆማል። ሥዕሏን ያይና ተቀምጦ ሰሃኑን በጉልበቱ ላይ ያደርገዋል፤ ብርጭቆውን ወለል ላይ።

ታየች ይሄ ከንክኗታል። እንግዳው ሳሳ ሲል ቦርሳዋን ከፍታ በሚገባ የታጠፈ ነጭ ዳንቴል አወጣች፤ ለሙት ዓመቱ ብላ ራሷ የሠራችው። «በይ አልብሻት። ሰው ተቸገረ እኮ» አለች።

ሰብለወንጌል ዳንቴሉን ተቀበለች። ሥራው ያምራል፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ወይኖች አሉ። በሁለት እጇ ይዛው ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመች። ታየች ትጠብቃለች። ሀያት ከጓዳ በር ላይ ትሪ ይዛ ታያለች።

«ለፍሪጁ አደርገዋለሁ፣ እትዬ» አለች ሰብለወንጌል። «የፍሪጁ አርጅቷል።»

«ለፍሪጁ?»

«አዎ።»

ታየች ወንድሟን በሚያስታውስ አኳኋን ከንፈሯን ገጠመች። ከዚያ «እንደወደድሽ» አለች።

ሁሉም ሲሄድ ገና ከሰዓት ነበር። ሀያት ሻይ ቀድታላት ወደ ቤቷ ገባች፤ ታየች ጓዳ ውስጥ ሰሃን ታንኳኳለች። ሰብለወንጌል ብርጭቆዋን ይዛ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መስታወቱ ላይ ወድቃለች፤ ቀዩ ጃንጥላ በርቷል። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ወደ ፊት ታያለች። ብርጭቆው ትኩስ ነበርና ልታስቀምጠው ጎንበስ አለች። በከተማው ጣሪያ ላይ? በከዋክብቱ ላይ? በገመዱ ላይ? እጇን ወደዚህም ወደዚያም አለችው፤ የት እንደምታሳርፈው ግራ ገባት።

መልሳ ቀና አለችና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በእጇ ያዘችው።